የእጅ ሥራ አምድ፦ ከካርቶን የምትሠራ ጣቢያ

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ከቤት በሚጣል ዕቃ የሚሠራ ነገር ነው። ልጆች በትንንሽ ምስሎች ለሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ፣ በሌላ ፕላኔት ላይ ያለች ጣቢያ እንሠራለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስለ ማርስ ፍጡራን ወረራ የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ፣ ከልጆቹ ጋር ወለል ላይ ተንበርክኮ በሳንቃና በእንጨት ጡብ ደሴትና ከተማ ይሠራ ነበር። ይህንኑ በ1911 እና በ1913 (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት ጽፎታል። ዋርሃመር 40,000 የተባለው የወደፊት ዘመን ጨዋታም በ1987 እንግሊዝ አገር ሲወጣ፣ ባዶ የዲኦድራንት ዕቃ ሳይቀር ወደ በራሪ ታንክ ይለወጥ ነበር። ዛሬ ፋብሪካ የሠራው ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ለኛ የሚቀመስ አይደለም። ደግነቱ አያስፈልገንም።

መጀመሪያ ልክ እንያዝ። የምስሉ ቁመት 3 ሳንቲሜትር ያህል ከሆነ በሩ 4 ሳንቲሜትር ይሁን። ዓይን ቤቱን የሚያምነው በበሩ ነው፤ በሩ ልክ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ካርቶን ሆኖ ይቀራል።

ለመደቡ ሁለት ካርቶን ቁረጡ፤ የውስጥ መስመራቸው እንዲተላለፍ አድርጋችሁ አጣብቁ፣ አለዚያ ይጣመማል። ለግድግዳ የካርቶኑን የላይኛ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ ላጡት፤ ከሥሩ ቆርቆሮ የመሰለ ሽንሽን ይወጣል። ቆርቆሮ ቤት መቼስ ለኛ እንግዳ አይደለም! የተቆረጠ ሃይላንድ የውሃ ታንከር፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ቧንቧ፣ ቆርኪ የጉድጓድ ክዳን ይሆናል።

ኮላ ከሌለ አንድ ማንኪያ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እስኪወፍር አማስሉ። ልጆች፣ እናታችሁን ሳታስፈቅዱ ግን ራሽኑን እንዳትነኩ!

ፕላስቲክ ቀለም ስለማይዝ አስቀድማችሁ ቁራጭ ጋዜጣ ለጥፉበት። ከዚያ የተፈጨ ከሰል በሙጫው በጥብጣችሁ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥቁር ቀቡት። ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን አመድ በነካ ደረቅ ጨርቅ አሹት፤ ያረጀ ብረት ይመስላል።

አቀማመጡም ዘዴ አለው። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ ቀድሞ የጀመረው ሁሉን ያያል፤ ጨዋታው ያኔውኑ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ዕይታ የሚጋርድ ረጅም ነገር አቁሙ፤ በመካከሉም እጅ የሚያስገባ መተላለፊያ ተዉ።

ጥንቃቄ፦ ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዝ። ፕላስቲክ በእሳት አታቅልጡ፣ ጭሱ ጎጂ ነው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይም አትክፈቱ።

እኛ ይህን ስንሠራ ያዩ አንዲት እናት፣ «ከጦርነት ሸሽተን መጥተን፣ ልጆቻችን ደግሞ ጦርነት ይጫወቱ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዌልስ ራሱ በ1913ቱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ እውነተኛው ጦርነት ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ጽፏል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የፈነዳው ግን በዓመቱ ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ ጥቅስ ይዘን አልተከራከርናቸውም፤ ልጆቹን ምን መጫወት እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው።

ያወጡት ደንብ ይህ ነው። በጣቢያዋ ውሃ አልቋል። አንዱ ቡድን ታንከሩን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ በ6 ዙር ማድረስ አለበት፤ ሌላው መንገድ ይዘጋል። የሚሞት የለም፤ የተያዘ ምስል አንድ ዙር ተቀምጦ ይነሳል።

እናትየዋ ቆመው ማየት ጀመሩ፤ ቆይተው በርጩማ ሳቡ። በአምስተኛው ዙር ወደ ቤት ተጠርተው ሄዱ። ማታ ሲያገኙን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ውሃውስ ደረሰ?»

ደርሷል፤ በመጨረሻው ዙር።

የሠራችሁትን አምጥታችሁ አሳዩን። እስከሚቀጥለው እትማችን ደህና ሰንብቱ!