ባሕሪ (ሰሜን ካርቱም) ላላችሁ ወገኖች፦ የመድኃኒቱን ስም ሳትጠይቁ አትዋጡ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ በተጀመረው ጦርነት ብዙ የካርቱም ሆስፒታሎች ስለተዘጉ፣ ባሕሪ ውስጥ ለብዙ በሽተኛ ሐኪሙም መርማሪውም መድኃኒት ሻጩ ሆኗል። የሚያሰጋኝ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ እንደ አንድ ነገር መወሰዳቸው ነው። አሞክሳሲሊንና ሲፕሮ ባክቴሪያን ይገድላሉ ወይም እንዳይራባ ያግዳሉ፤ ጉንፋንንና ደንጌን ግን አይነኩም። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን በበኩላቸው አንድም ጀርም አይገድሉም። ሥራቸው ሰውነት ራሱ የሚያስነሳውን ብግነት ማብረድ ነው፤ ስለዚህ አስም ሲያፍን ነፍስ ያድናሉ፤ ያንኑ ሲያደርጉ ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ።

«ዴክሳ ተወግቼ ተሽሎኛል» የሚል ሰው አይዋሽም። ትኩሳቱ በርዶለት፣ የምግብ ፍላጎቱም ተከፍቶለት ይሆናል። በሽታው ከባክቴሪያ ከሆነ ግን ባክቴሪያው እዚያው ነው፤ ሥቃዩ ስለጠፋ ብቻ ሕክምናው ይዘገያል። ስቴሮይድ ሲደጋገም ደግሞ የደም ስኳር ይጨምራል፣ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳም ሊቀሰቀስ ይችላል። ሐኪሞች ሁለቱን አብረው የሚያዙበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው፤ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር አንቲባዮቲኩ ጀርሙን ሲገድል ስቴሮይዱ የአንጎልን ሽፋን ብግነት ይቀንሳል። ነገር ግን ያ በምርመራ የተለየ በሽታ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተደረገው ትልቅ ጥናት ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ይረዱ ከነበሩት የኮቪድ ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ያህል ሲቀንስ፣ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አለመጥቀሙን አሳይቷል። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የለየው የበሽተኛው ሁኔታ ነው።

«ሐኪም የት አለና?» ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለኝም፤ ያም ሆኖ በእጃችን ያለ ነገር አለ። ትኩሳት ሲይዛችሁ አስቀድማችሁ የወባ ምርመራ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «ይህ አንቲባዮቲክ ነው ወይስ ስቴሮይድ? ለምን በሽታ ነው?» በሉት፤ ስም በሌለው ወረቀት የተጠቀለለ ክኒንም አትቀበሉ። ዐረብኛ የምታነቡ ለማያነቡ ጎረቤቶቻችሁ ካርቶኑን አንብቡላቸው። ለመወፈር የሚሸጥ ክኒንና ፊት የሚያቀላ ክሬም ውስጥም ስቴሮይድ ሊኖር ስለሚችል ስለ እነሱም ጠይቁ። የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ እንደታዘዘው ውሰዱ፤ ለሌላ አታካፍሉ። ለሳምንታት በየቀኑ ስቴሮይድ ሲወስድ የቆየ ሰው ግን ይህን አንብቦ ዛሬውኑ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ ሰውነቱ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት ስለሚቀንስ ድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል፤ በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ ይቀንስ። አንገቱ የደረቀ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካገኛችሁ መድኃኒት ቤት አትቁሙ፤ በቅርብ ወዳለው ክፍት ሕክምና ጣቢያ ውሰዱት፤ የወሰደውን መድኃኒት ካርቶንም ይዛችሁ ሂዱ።