የኬክ ካርቶኑ ወደ ጋምቤላ ይበራል፣ ዓሳውስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ በሚበር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ የኬክ ካርቶን ጭኑ ላይ ታቅፎ የተቀመጠ መንገደኛ። ሻንጣውን ከላይ ይሰቅላል፣ ኬኩን ግን ለማንም አያምንም። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ፈተናው የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከተማ ተነስተህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስታርፍ ሙቀቱ ፊት ለፊት ይቀበልሃል። ወሩ መጋቢት ከሆነማ ክሬሙን እርሳው። ከማረፊያው እስከ ከተማው ደግሞ ገና መንገድ አለ።

በዚህ የሚስቁ አሉ። “አዲስ አበባ ሄዶ ያየው ኬክ ብቻ ነው” ይላሉ። እኔ አልስቅም። ለተማሪ፣ ለአስታማሚ፣ ለስልጠና ለመጣ ሰራተኛ ከተማዋ በሯን ቶሎ የምትከፍተው ኬክ ቤት ላይ ነው። የቤት ኪራዩ አይቀመስም፣ ዘመድም ሁሌ አይመችም። አንድ ማኪያቶና አንድ ቦምቦሊኖ ካዘዝክ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል የፒያሳ ወይ የቦሌ ሰው ነህ። ኪስ ሲሳሳ እርጥብ አለ፣ ፓስቲ አለ፣ ለሁለት የሚበላ ስፔሻል ፉል አለ። በወር አንዴ የምትበላውን ኬክ ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፍ ማን ተጎዳ?

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እኛ የጋምቤላ ልጆች ገብተን ስንቀመጥ አስተናጋጁ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። “ዌር አር ዩ ፍሮም?” አንተ በአማርኛ “ማኪያቶ፣ ወተት በዛ ያለ” ስትለው ይደነግጥና “አማርኛ ጎበዝ ነህ!” ብሎ ያሞግስሃል። በገዛ አገርህ ዋና ከተማ! ክፋት የለበትም ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም የለበትም። ግን በአንድ ሳምንት ሦስቴ ሲደጋገም ኬኩ ጉሮሮህ ላይ ይቆማል።

ታሪኩን ለሚያውቅ ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ጋምቤላ እኮ የቡና ወደብ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ። ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደው ቡና ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ንግዱ፣ ቢቀዛቅዝም፣ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት 1948 ዓ.ም. ድረስ ዘልቋል። ማኪያቶ ከጣሊያኖች ጋር የመጣ ነገር ነው፤ ቡናው ባሮ ላይ ሲጫን ማኪያቶውን አዲስ አበባ ገና አላወቀችውም።

ወደ ሳህኑ እንመለስ። አዲስ አበባ ክትፎ ታቀርብልሃለች፣ ጥህሎ ታቀርብልሃለች፣ ፒዛ፣ መንዲ፣ የቻይና ኑድል ሁሉ አላት። ኮፕ ወይም ዋልዋል የሚል ሜኑ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከማሽላ ወይ ከበቆሎ የሚሰራ፣ ከወተት ጋር የሚበላ የኑዌር ምግብ ነው፤ ለቁርስ ከቂንጬ አያንስም (እናቴ ብትሰማኝ “ይበልጣል” ባለች)። የባሮ ዓሳ የአኙዋኩም የኑዌሩም ማዕድ ነው። ማንጎው ደግሞ በወቅቱ ዛፍ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጁስ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ።

ጥፋቱን ሁሉ በአዲስ አበባ ላይ አልጭንም። እኛም ምግባችንን ደብቀነዋል። ዘመድ ቤት በራችንን ዘግተን ዓሳችንን እንበላለን፣ ጓደኛ ስንጋብዝ ፒዛ ቤት እንወስዳለን። “አይወዱትም” ብለን ሳናቀምሳቸው ፈረድን። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበላ ከተማ ማሽላ በወተት ይፈራል እንዴ?

ሬስቶራንት መክፈት ካፒታል ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ግን በአንድ ጠባብ ቤት፣ በሦስት ጠረጴዛ፣ ጠዋት ኮፕ፣ ምሳ ላይ ዓሳ ብሎ መጀመር ይቻላል። በቲክቶክ ስንት ነገር ተሸጧል! ኬኩን ለታናናሾቻችን መያዛችንን አንተውም። ዓሳውን በበረዶ አሽጎ ይዞ የሚመጣ፣ ምጣድ የሚጥድ ግን ከመሃላችን አንድ ሰው ይነሳ። ምናልባት አንዱ ጥግ ቀድሞ ተከፍቶ እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ከሆነም ቦታውን ንገሩኝ፤ የቅዳሜው ሂሳብ በእኔ ነው።