ድመቷን አባረርን፤ ዱለቱስ?

«አርግዘሻል? በቃ፣ ድመቷን ከቤት አስወጪ!» ይቺን ምክር ሳትሰማ የወለደች ድመት ያላት ሴት መኖሯን እንጃ። ምክሩ ከመሬት አልተነሳም። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላሉን የሚያፈራው በድመትና በድመት ዘሮች አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ከተያዘች ወደ ፅንሱ አልፎ ሊያስወርዳት ወይም የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ግን የተባረረችው ድመት የት ትሄዳለች? እዚያው ሰፈር ናት። አይጥ አድና ትበላለች፣ ተሕዋሱን ከአይጧ ትወስዳለች፣ ከዚያ የጓሮ አፈር ጭራ ትፀዳዳለች። ያ አፈር ላይ ደግሞ ሰላጣ ይበቅላል። ከቤት የማትወጣ፣ የበሰለ የምትበላ ድመት ብዙም አታሰጋም። ፀጉሯን መዳበስ አያስይዝም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላው መንገድ ነው፤ ገበታችን። በግና ፍየል ሲግጡ እንቁላሉን ይውጣሉ፣ ተሕዋሱ ሥጋቸው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ጥሬ ዱለት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። የበሬ ሥጋ ስጋቱ ቢያንስም ጥሬ ክትፎ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። (ሚጥሚጣውም አረቄውም አይገድሉትም፤ እሳት ግን ይገድለዋል!) ድመቷን አስወጥታ ለብለብ የምታዝ እርጉዝ እህታችንን ማን ይንገራት?

ለመደናገጥ አይደለም። አገር ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከተመረመሩት 4 ሰዎች በግምት 3ቱ ደም ውስጥ የተሕዋሱ ምልክት ተገኝቷል። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና ሲዲ4 ቁጥሩ ከ100 በታች የወረደ ሰው ላይ ግን ተሕዋሱ ተቀስቅሶ አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል፤ መድኃኒት ማቋረጥ የሚያስፈራው አንዱ በዚህ ነው።

ፈረንሳይ ያልተያዙ ነፍሰ ጡሮችን በየወሩ ትመረምራለች። እኛ ጋ በእርግዝና ክትትል ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ይታያሉ፤ ይሄኛው ከመደበኛው ምርመራ ውስጥ የለም። ከፍላችሁ ተመርምራችሁ «ፖዘቲቭ» ከተባላችሁ ወዲያው አታልቅሱ። «የድሮ ነው ወይስ አዲስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእርግዝናው ብዙ ቀደም ብሎ የያዘ ከሆነ ለፅንሱ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም።

ድመቷስ? ትቆይ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ማስያዝ እስኪጀምር ቢያንስ 1 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የምትፀዳዳበት ቦታ በየቀኑ ይጠረግ። ጠራጊው ደግሞ ባል ይሁን።