ለእንግዳ ውኃ ይቆጠራል?

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላል የአገራችን ሰው። እኔም ነገሬን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ይህን ጽሑፍ የወለደው አንድ ቢጫ ጀሪካን መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ተሸክማው ያየኋት ልጅ ግን ከ14 ዓመት የምትበልጥ አልመሰለኝም።

በአንድ የመጋቢት ወር ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ በደብረ ብርሃን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ ታጥፈን፣ ወደ ጊሼ ራቤል ተጓዝን። ለአራት ቀን ጉዞ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭነናል። 40 ሊትር ለሦስት ሰው ለአራት ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን ከ3 ሊትር ጥቂት ከፍ ይላል። ለመጠጥና ለቡና ይበቃ ነበር፤ ለእኛ ግን አልበቃም። የከተማ ሰዎች ነና! ጥርሳችንን ስናጸዳ እንደ ቧንቧ አወረድነው፤ ጓሳ ሜዳ ላይ ቆመን የመኪናውን መስተዋት ከአቧራ አጠብንበት። በሁለተኛው ቀን ማታ ራቤል አጠገብ ከአንዲት እናት ቤት በእንግድነት ስናርፍ አንዱ ጀሪካን ባዶ ነበር፤ ሌላውም ከሥሩ ብቻ ይንቦጫረቃል።

እናታችን ውኃ አሞቁልን። እግራችንን ሊያጥቡ ጎንበስ ሲሉ “ኧረ ይተዉ እማማ” ብለን በስንት ልመና አስተውናቸው ራሳችን ታጠብን። የታጠብነው ግን ሳንሳሳ ነው። እግር፣ ፊት፣ ራስ… አንደኛው ባልንጀራዬማ ሸሚዙን ጭምር አለቀለቀ። “ይጨመር ወይ?” ይሉናል፤ “ይጨመር” እንላለን።

ጎሕ ሳይቀድ በር ሲከፈት ሰምቼ ነቃሁ። ወጥቼ ፀሐይ ስጠብቅ፣ የቤቱ ልጅ ጀሪካኑን በገመድ ከጀርባዋ አስራ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ወረፋ እንዳይቀድማት በጨለማ ወርዳ ኖሯል። “ምንጩ ሩቅ ነው እንዴ?” አልኳት። “ኧረ ቅርብ ነው ጋሼ” አለችኝ። ያን “ቅርብ” ኋላ በእግሬ ለካሁት፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ነበርኩ፤ እርሷ የተሸከመችው ግን 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ ነው። ማታ በእግራችን ላይ ያፈሰስነው እርሱን ነበር። አፍሬ እናትዮዋን ይቅርታ ብጠይቅ፣ “ለእንግዳ ውኃ ይቆጠራል እንዴ ልጄ?” ብለው ሣቁብኝ።

የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይጀምራል። እውነት ነው፤ ለእንግዳ ውኃ አይቆጠርም። ደግነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው ቆጠራው ወደ እንግዳው የሚዞረው። ባለቤቱ ከለካ ስስት ይሆንበታል፤ እንግዳው ከለካ ግን ጨዋነት ነው። ባለቤቱም እንግዳውም ሳይለኩ ሲቀሩ የሚለካው የዚያች ልጅ ጀርባ ነው። በአደጋ ጊዜ ርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። እንግዲህ ያ ጀሪካን ለአንድ ሰው ተርፎ ለሁለት የማይደርስ ነበር። እኛ በአንድ ምሽት ጨረስነው።

“መንዝና ጊሼ የምንጭ አገር አይደለም ወይ?” የሚል ይኖራል። ነው እንጂ! ከጓሳ የሚመነጨው ውኃ በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በሌላ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ነገር ግን ውኃው የሚያድረው ከገደሉ ሥር፣ ሰዉ የሚያድረው ከአምባው ላይ ነው። ከአፋፉ ቆሞ ወንዝ ማየትና ወንዝ መጠጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በልግ በዘገየ ጊዜ ደግሞ ቅርብ ያለው ምንጭ ይቀጥናል፤ ወረፋው ይረዝማል።

ይህ አገር መቁጠርን ከእኛ አይማርም። የጓሳን ሣር አባቶች በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁት፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ያጭዱት ነበር፤ ይህም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይሆናል። የዘጉት ስስታም ሆነው አልነበረም፤ ለነገውም ሰው እንዲደርሰው ነው እንጂ።

ውኃ ከመንገደኛ ጋር ሲቀልድ ምን እንደሚያደርግም ታሪካችን ያውቃል። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር ግንብም መድፍም ነበረው፤ ምንጩ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ተያዘም። ምሽጉን ያስለቀቀው ከጥይት ይልቅ ጥማት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በውጭ አገር አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ይዘው የሚዞሩ መንገደኞች ንጹሑን ውኃ በአንድ ማጠራቀሚያ፣ እጣቢውን በሌላ ይይዛሉ፤ ያላቸውንም ለሚቆዩበት ቀን ያካፍላሉ። እኛ እንዲህ ያለ መኪና ባይኖረን ጀሪካን አለን። የመጠጡን ጀሪካን ከመታጠቢያው እንለይ። የቀኑን ድርሻ ጠዋት ቀንሰን ሌላውን እንክደነው። ጥርስ በአንድ ኩባያ ይጸዳል። ሳህን ከመታጠቡ በፊት ይወልወል። እጅ ለመታጠብማ ከአያቶቻችን ማስታጠቢያ የተሻለ አላየሁም፦ ከማንቆርቆሪያው ቀጥኖ ይወርዳል፣ ከሥሩ ገበታው ይቀበለዋል፣ እጣቢውም ሌላ ሥራ ይሠራል።

ከመጠጡ ግን አንቆጥብ፤ የደጋ ብርድና ደረቅ አየር ጥማትን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ከምንጭ ስንቀዳ ከብት ከሚጠጣበት በላይ ይሁን። ስናፈላም እንታገሥ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃ ፈጥኖ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ስለሚፈላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። “ሃይላንድ ገዝቶ መሄድ ነው” ለሚለኝ ደግሞ፣ ባዶውን ፕላስቲክ መልሶ ይዞ ይምጣ እለዋለሁ፤ የጓሳ ሜዳ ቆሻሻ መጣያ አይደለም።

ሁለተኛ ወደ ራቤል ስሄድ አራት ጀሪካን ጫንኩ። እማማ ቤት ስደርስ አንዱን ሳልነካው አወረድኩ። እንደ ልማዳቸው ውኃ አሞቁ፤ እምቢ ማለት ነውር ነውና እግሬን ሰጠሁ። “ይጨመር ወይ?” አሉኝ። “በቃኝ እማማ” አልኩ። ልጅቱ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ቸር እንሰንብት።