የጨቅላ እናቶችና በስልክ የሚመጣ ምክር



በወለደች በሦስተኛ ወሯ እንቅልፍ ያጣች፣ ምግብ ያስጠላት፣ ሕፃኗን እያየች እንባዋ የሚቀድማት እህት በየሰፈራችን አለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ቤቷ የኪራይ፣ የባሏ ገቢ የቀን ሥራ ነው። እኛም አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጣት መልስ ሁለት ነው፤ አንዱ «የአራስ ጠባይ ነው፣ ያልፋል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና የከፋው «ኢማንሽ ደክሞ ነው» የሚለው ነው። የመንፈስ ጭንቀት ግን ሕመም ነው። ለበሽታ መድኃኒት እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል፤ ይህን አንዱን በሽታ ከዚያ ትምህርት ለይቶ ያወጣው ማን ይሆን?

ድሃ እናት ሐኪም ዘንድ የማትሄደው ስላልፈለገች ብቻ አይደለም። የትራንስፖርት ገንዘብ ያስፈልጋታል፣ ትልቁን ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል፣ «እብድ ናት» እንዳትባልም ትፈራለች። በኢንተርኔትና በስልክ ምክር የመስጠት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው።

በደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 «ማምኮኔክት» የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ነፍሰ ጡሯ ለክትትል ክሊኒክ ስትሄድ ትመዘገባለች፤ ከዚያ በኋላ ከእርግዝናዋ ወር ጋር የተስማማ የጽሑፍ መልእክት ይደርሳታል፣ ከወሊድ በኋላም ይቀጥላል። መልእክቱ ነፃ ነው፣ በተራ ስልክ ይነበባል፣ ቋንቋውንም የምትመርጠው ራሷ ናት። ጥያቄ ወይም በክሊኒኩ ላይ ቅሬታ ካላት ጽፋ ትልካለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እናቶች ተመዝግበውበታል፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በዋትስአፕም ይሰጣል። ይሁንና ይህ በዋናነት የጤና ማስታወሻ እንጂ የተጨነቀ ልብ ማከሚያ አይደለም።

ወደዚያ የቀረበው በአሜሪካ የተሞከረው «ማምኔት» ነው። የኦሪገን ተመራማሪዎች ልጆቻቸው «ሄድ ስታርት» በተባለው የድሃ ቤተሰብ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ያሉ፣ በጭንቀት የተያዙ እናቶችን መርጠው በኢንተርኔት ተከታታይ ትምህርት ሰጧቸው። ትምህርቱ ጨለማ ሐሳብን እንዴት መመርመር እንደሚቻል፣ በቀን ውስጥ ትንሽም ቢሆን ልብ የሚያሳርፍ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነበር። በ2012 የወጣው የጥናቱ ውጤት ትምህርቱን የተከታተሉት እናቶች ካልተከታተሉት ይልቅ ጭንቀታቸው መቀነሱን ገለጸ። እኛ በአስተማሪነታችን ልባችንን የሳበው ግን ኮምፒውተሩ አይደለም። በየሳምንቱ ስልክ ደውላ «ያለፈውን ሠርተሽዋል? ምን አስቸገረሽ?» የምትል አሠልጣኝ ነበረች። ደብተሩ የማይታይለት ተማሪ የቤት ሥራውን እንደማይሠራ ስንቶቻችን አይተናል!

ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የፓኪስታኑ ነው። ዶክተር አቲፍ ረሕማንና ባልደረቦቻቸው በራዋልፒንዲ አካባቢ ገጠር፣ በየመንደሩ የሚዞሩ ሴት የጤና ሠራተኞችን አሠልጥነው በእርግዝናቸው ወቅት ጭንቀት የያዛቸውን እናቶች በየቤታቸው እንዲያማክሩ አደረጉ። ሌሎች እናቶችም በቁጥር እኩል ጉብኝት አገኙ፤ ልዩነቱ ጎብኚዎቹ ይህን ሥልጠና ያልወሰዱ መሆናቸው ብቻ ነው። በ2008 በ«ላንሴት» መጽሔት እንደወጣው፣ ሕፃናቱ ስድስት ወር ሲሞላቸው ከነዚህ ሁለተኞቹ እናቶች ከ100ው 53ቱ ገና በሕመሙ ውስጥ ነበሩ፤ ምክሩን ካገኙት ግን 23ቱ ብቻ ነበሩ። ብልሃቱ ሌላም ነው። ሠራተኛዋ «የጭንቀት ሕክምና ላደርግልሽ መጣሁ» አትልም፤ «ስለ ሕፃኑ ደህንነት እንነጋገር» ትላለች። ይህን ስትሰማ አማትም ቡና ታፈላለች እንጂ በር አትዘጋም። በኋላ ይኸው ትምህርት በታብሌት ላይ ተጭኖ፣ የጤና ሠራተኛ ያልሆኑ የሰፈር እናቶች ሥዕሉን እያሳዩ፣ ድምፁን እያሰሙ እንዲያስተምሩበት ተሞክሯል። ማንበብ የማትችል እናት አልቀረችም ማለት ነው።

በአገራችንም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ስልክም በብዙ ቤት ገብቷል። ግን ስልኩ የማን ነው? በብዙ ቤት ስልኩ ከባል ኪስ አይወጣም፤ ለሚስት የተላከውን መልእክት ባል ያነበዋል፣ ወይም ካርድ አልቆ ተዘግቶ ይውላል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አማትና አራት ልጆች እየሰሙ ስለ ልቧ ሐዘን በስልክ የምታወራ እናትስ ማን ናት? ይህን ያላሰበ አገልግሎት የቱንም ያህል ቢያምር ለድሃዋ አይደርስም። ባሎች ሆይ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤት ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መናገራቸውን በኹጥባ እንሰማለን፤ ስልኩን ለግማሽ ሰዓት ትቶ ሕፃኑን አቅፎ ወደ ደጅ መውጣትም ከዚያ የሚቆጠር ይመስለናል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በአውሮፓ ያላችሁ እህቶች ደግሞ ስልኩ አላችሁ፣ ገንፎ የምታገነፋ እናት ግን አጠገባችሁ የለችም። እንዲህ ያለ አገልግሎት ስታገኙ ከመመዝገባችሁ በፊት ነፃ መሆኑን፣ የጻፋችሁትን ማን እንደሚያየው፣ ከማሽኑ በስተጀርባ የሚመልስ ሰው መኖሩን ጠይቁ።

ራሷን ወይም ሕፃኗን ስለመጉዳት የምትናገር እናት ግን የስልክ ምክር እስኪደርሳት አትጠበቅም። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትወሰድ፤ ብቻዋንም አትተው። ሕፃኑን የሚይዝ አንድ ሰው ደግሞ አብሯት ይሂድ።