ቤት ለእምቦሳ ወይስ ለፎቶግራፍ?

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ የሚሄድ ጠያቂ ገና ከበሩ «ቤት ለእምቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ስለ ግድግዳው ቀለምም ሆነ ስለ መጋረጃው ዓይነት የሚለው ነገር የለም። ጥጃ እንዲታሰርበት፣ ልጅ እንዲያድግበት፣ እንግዳ እንዲያርፍበት ይመኛል። ዛሬ ልሟገታቸው የተነሣሁት ይህን ምኞት የዘነጉትን መጻሕፍት ነው፤ የየአገሩን ቤት የውስጥ ገጽታና ጌጥ በፎቶግራፍ የሚያሳዩትን፣ ከሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚገለጡትን ባለ አንጸባራቂ ወረቀት ጥራዞች።

ነገሩ ዕድሜ አለው። ሱዛን ስሌሲንና ስታፎርድ ክሊፍ «ፍሬንች ስታይል»ን እ.ኤ.አ. በ1982፣ «ካሪቢያን ስታይል»ን በ1985፣ «ጃፓኒዝ ስታይል»ን በ1987 ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ። በመሐሉ በ1986 የሌሎች ደራስያን «ሳንታ ፌ ስታይል» ወጣ። የአፍሪካም ተራ ደረሰና ታሸን የተባለው የጀርመን አሳታሚ በ2003 «ኢንሳይድ አፍሪካ»ን በሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች አቀረበ። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ካለ፣ እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ «ባህላዊ» የተባለ አንድ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ይግባ። የሐረሩ ስፌት፣ የጉራጌው ምሰሶ፣ የላሊበላው መስቀል በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። የራሳችንን ቤት በሌላ ሰው ካሜራ ማየት ለምደናል።

ክሴ አንድ ነው። እነዚህ መጻሕፍት ቤትን ከነዋሪው ነጥለው መልክ ብቻ ያደርጉታል።

ሐረርን እንውሰድ። የጀጎል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በነባሩ የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ውስጥ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ የአባወራው፣ የክቡር እንግዳውና የልጅ እግሩ ስፍራ አንድ አይደለም። ወለሉ በቀይ አፈር የተቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ የአገሩ ሰዎች ይተርካሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ እንዳለች ለሚገባው ሁሉ ይናገራል።

ታዲያ ፎቶግራፍ አንሺው ሲመጣ ምን ይሆናል? ልጆቹ ወደ ግቢ ይወጣሉ። ጀሪካኑና ቴሌቪዥኑ ይነሣሉ። ብርሃኑ እስኪስተካከል ይጠበቃል። በመጨረሻ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው «ቀይ ወለል፣ ባለ ቀለም ስፌቶች» ነው። ታሪኩ ቀለም ሆነ፤ ልጂቱም ምንጣፍ ሆና ቀረች።

ስለ ስም ደግሞ እናንሣ። ከመጽሐፉ መግቢያ ላይ የፎቶግራፍ አንሺው፣ የአዘጋጁና የአሳታሚው ስም ይሰፍራል። ስንት ወር ተቀምጣ ስፌቱን የሰፋችው ሴት ግን ብዙውን ጊዜ «የአካባቢው ሴቶች» በሚለው ሐረግ ውስጥ ትጠፋለች። የስም ነገር የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ጉዳይ ነው። በደቡብ አፍሪካ የንዴቤሌ ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ በጂኦሜትሪ ቅርጾች ያሸበርቃሉ። ከእነርሱ አንዷ፣ ሙያውን ከእናቷና ከአያቷ የተማረችው ኤስተር ማህላንጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ፓሪስ ላይ ሥራዋን አሳየች፤ በ1991 ደግሞ ለቢኤምደብሊው ኩባንያ መኪና ቀባች። ያን ጊዜ ዓለም «የአፍሪካ ስታይል» ማለቱን ትቶ በስሟ ጠራት። ስሟ ባይታወቅ ኖሮ ያ መኪና ወደ እርሷ ደጅ ባልመጣ ነበር።

«ፎቶግራፉ ባይኖር ቤቱ ፈርሶ ተረስቶ ይቀር ነበር» የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ዛሬ በእጃችን የቀረው ሥዕላቸው ነው። የእንጨቱ ሰገነትና ደረጃው ውብ ሆኖ ይታያል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ በኋላ ስንት ቤተሰብ ክፍሎቹን ተከፋፍሎ እንደኖረ፣ ማን ለማን ቡና ይጠራ እንደነበር፣ የጋራ ማድ ቤቱ የትኛው ጥግ እንደነበረ ግን ሥዕሉ አይነግረንም። ነዋሪው ተበትኗል፤ የሚጠየቅ ሰው በቅርብ የለም። ሥዕሉ ብቸኛ ምስክር ሆኖ ሲቀር ምስክሩ ዲዳ መሆን የለበትም።

እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አይታተም አልልም። ይታተም፤ ግን እንዲህ ይሁን እላለሁ። የቤቱ ንድፍ ከነልኩ ይውጣ። እያንዳንዱ ስፍራ ለምን እንደሚያገለግል ይጻፍ። የሠሪውና የነዋሪው ስም ፈቅደው ይግባ፤ ከሽያጩም ድርሻ ይኑራቸው። ጀሪካኑም ከቦታው አይነሣ፤ ውኃ በሌለበት ቤት ከስፌቱ ያልተናነሰ ሥራ አለው። ጽሑፉ ደግሞ ቤቱ ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ይኑር፤ የሐረሯ እናት ስለ ራሷ ቤት የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለች መጽሐፉ ለማን ነው?

አሳታሚዎቻችን እስኪነሡ ድረስ ግን አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሆንሽ አንቺ፣ የወላጆቻችሁን ቤት ሳይፈርስ ፎቶግራፍ አንሡት፤ እናንተም አትውጡ፣ እናታችሁንም ከማድ ቤት ጥሩ። ከዚያም በሥዕሉ ጀርባ ላይ መደቡን ማን እንደለሰነው፣ ሌማቱን ማን እንደሰፋው፣ በዚያ ጥግ ማን ተወልዶ ማን እንዳረፈ ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፉበት።