የንግድ መልእክቶች በራስ-ሰር ሲተሳሰሩ፦ የአዋሽና የሰመራ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ የሚገኙት አዋሽና ሰመራ ከተሞች የሆቴል፣ የነዳጅ፣ የመለዋወጫና የጅምላ ንግድ የሚካሄድባቸው ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ክፍያ በሀገሪቱ እየተስፋፋ መጥቷል። በዚህም የአንድ ደንበኛ መረጃ በክፍያ መዝገብ፣ በሂሳብ ሶፍትዌር፣ በቴሌግራም ገጽና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ዝርዝር ተበታትኖ ሊቀመጥ ይችላል።

እነዚህን ሥርዓቶች በራስ-ሰር አሠራር ማስተሳሰር አዲስ ሶፍትዌር መግዛትን የግድ አይጠይቅም፤ ያሉት ሥርዓቶች መረጃ እንዲለዋወጡ ማድረግ በቂ ሊሆን ይችላል። ሽያጭ ሲመዘገብ የዕቃው ክምችት ይቀነሳል፤ ዕቃው ሲያልቅ ማስታወቂያው በሁሉም መንገድ ይቆማል። በመሆኑም ደንበኛው በሌለ ዕቃ አይመላለስም፤ ነጋዴውም አንድን መልእክት ደጋግሞ ከመላክ ይድናል።

ይሁን እንጂ ትስስሩ ቅልጥፍናን እንደሚያፋጥን ሁሉ ስሕተትንም ያባዛል። በርካታ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በውጭ ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ነጋዴው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲላክ ያሰበው ማስታወቂያ ሳይስተካከል ከተመዘገበ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደንበኛውን ይቀሰቅሳል። የኢድ በዓል በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ በቋሚ ቀን የተሞላ የበዓል ማስታወቂያ ጊዜውን ይስታል። አፋርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑም፣ በአማርኛ ብቻ የሚላክ መልእክት ብዙ ነዋሪዎችን አይደርስም።

ከሁሉም በላይ ግን ሊጤን የሚገባው የተገልጋዩ ፈቃድ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግለሰቦች የሰጡትን ፈቃድ የማንሳት፣ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅና የመረጃ አያያዝን የመቃወም መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንድ ደንበኛ «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» ብሎ በአንድ መንገድ ካሳወቀ፣ ውሳኔው ቁጥሩ በሚገኝባቸው ሥርዓቶች ሁሉ ሊደርስ ይገባል። ማስታወቂያው በአንድ ጊዜ በአራት መንገድ የሚሰራጭ፣ ክልከላው ግን በአንዱ ብቻ የሚቀር ከሆነ ትስስሩ ጎደሎ ነው። ለክፍያ የተሰጠ የስልክ ቁጥርም ለማስታወቂያ እንደተሰጠ ፈቃድ ሊቆጠር አይገባም።

ጉዳዩ ከመሰላቸት ያለፈ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ነዋሪዎች ከቀያቸው ለመነሳት ተገደዋል። እንዲህ ባለ ወቅት በስልክ የሚደርስ አጭር መልእክት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ስልኩ ባልጠየቀው ማስታወቂያ የተጨናነቀ ሰው ግን መልእክት ሳያነብ ማለፍን ይለምዳል። ስለዚህ ነጋዴዎች በአደጋ ወቅት በራስ-ሰር የሚላኩ ማስታወቂያዎችን በአንድ ትእዛዝ ማቆም የሚያስችል አሠራር ሊኖራቸው ይገባል።

በመሆኑም ነጋዴዎች ሥርዓቶችን ከማስተሳሰራቸው በፊት የደንበኞችን መዝገብ አንድ ማድረግ፣ ፈቃድ የሰጡትንና ያልሰጡትን መለየት፣ እንዲሁም ሰዓቱንና ቋንቋውን በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር ይጠቅማቸዋል። ተገልጋዮችም ቁጥራቸውን ሲሰጡ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይጠይቁ፤ ማስታወቂያ ካልፈለጉ ለላኪው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የመልእክቱን ቅጂና ቀኑንም ይያዙ። ላኪው ካላቆመ፣ አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የምስጢር ቁጥርን ወይም የፋይዳ መረጃን የሚጠይቅ የማስታወቂያ መልእክት ሲደርስ ደግሞ ምላሽ አለመስጠት ተገቢ ነው።